አፏን የሸፈነች እናት

ባሏ በሞተ ሰሞን ቤቱ ጠረኑን እያጣ ሄደ። ሰውዬው ሳንባው እስኪያልቅ ድረስ ሲጋራ ያጨስ ነበርና መጋረጃው፣ ትራሱ፣ የኮቱ ኪስ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። በሕይወት ሳለ ስትነዘንዘው የኖረችበት ያ ሽታ ሲጠፋ ሰውዬው ዳግመኛ የሞተባት መሰላት። አንድ ቀን ከመሳቢያው ውስጥ ከተረፈው ፓኮ አንዲት ሲጋራ አውጥታ ለኮሰች። ቤቱ እሱን እንዲሸትላት ብላ ነው እንጂ ልታጨስ አልነበረም። ግን ሲጋራ መቼ በአንድ ያበቃል?

ልብስ ሰፊ ነበረች። ክር በጥርሷ የምትበጥስ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የምታወራ፣ ስትስቅ ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ የምታስቅ። ሰፈሩ «እትዬ ሳቂታ» ይላት ነበር። አንዲት ልጇን በዚያች የስፌት መኪና አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሌላ ከተማ ሥራ ስትይዝ መርቃ ሸኘቻት።

ስልሳን ስታልፍ የፊት ጥርሷ ተነቃነቀ። አላመማትም፣ አልደማትም። በእርጅና አሳበበች። የጥርስ ሐኪሙ ግን ድዷን አገላብጦ አይቶ፣ እርጅና ብቻውን እንዲህ እንደማያደርግ፣ ሲጋራ ድድን ከሥር እየጎዳ ደሙን እንደሚደብቅ፣ ካቆመች የቀሩትን ማትረፍ እንደሚቻል ነገራት። አቆማለሁ ብላ ወጣች። ቤቷ ስትገባ ግን የጠበቃት ባዶ ቤት ነበር። ጥርሶቿ ተራ በተራ ለቀቁ። ክሩንም በመቀስ ትቆርጥ ጀመር፤ በሳቋ ፈንታ የሻርፗ ጫፍ አፏ ላይ ዋለ።

የልጇ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራዋ ልትስማት ብትመጣ ጉንጯን ብቻ ሰጠቻት። ፎቶ አንሺው ፈገግ ይበሉ ቢላት ሻርፑን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። የቀረበላት ምግብ እንዳለ ተመለሰ። የባል ዘመዶች ንቃናለች ተባባሉ። ልጅቷ የሰማችውን ይዛ ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«እማ፣ ባሌን ካልወደድሽው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

እናት ራሷን ነቀነቀች። «ደክሞኝ ነው» አለች በሻርፑ ውስጥ።

«እሺ። ደክሞሻል።»

ከዚያ ወዲህ ስልኩ እየተራራቀ ሄደ። የልጅ ልጅ ተወለደ ቢባል እንኳ አልሄደችም። ሕፃን ያየውን ይናገራል ብላ ፈራች። ልጅቷም እናቴ ጨክናለች ብላ ልቧን ዘጋች። ዓመታቱ እንዲሁ አለፉ...

በመጨረሻ ስፌት ቤት ከእናት ጋር የምትሠራ ጓደኛዋ ለልጅቷ ደወለች። የእናትሽ አፍ ውስጥ የወጣው ቁስል አልድን ብሏል፣ ነይ አለቻት። ልጅቷ ስትደርስ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሻርፑን ዝቅ አደረገች።

«እይው» አለች። «በሠርግሽ ቀን የደበቅሁሽ ይሄን ባዶ ድዴን ነው።»

ልጅቷ አየችው። ማልቀስ ነበረባት፤ ግን እንባው አልመጣም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ቀስ ብላ።

«አባትሽን ስትቀብሪ እንዴት እንዳለቀስሽ አይቻለሁ። የገደለውን እያጨስኩ እንደሆነ በየትኛው አፌ ልንገርሽ?»

ሐኪሞቹ ሲጋራው ያመጣው ካንሰር ከድዷ አልፎ መንጋጋዋ ውስጥ መግባቱን፣ ጊዜውም ማለፉን ነገሯቸው። ልጅቷ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ተቀመጠች። ሾርባ እያቀዘቀዘች በማንኪያ አጎረሰቻት። ብዙ አላወሩም። ምን ቀርቶ ያውሩ? አንድ ተራ ጧት፣ ማንኪያው ገና ከከንፈሯ ሳይደርስ፣ እትዬ ሳቂታ አረፈች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቀበረች፣ ለቀስተኛ ተቀበለች፣ የእናቷን ልብስ አጣጥፋ ለጎረቤት ሰጠች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባሏ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ቢላት እሺ ትለውና ሳህን ታጥባለች።

ክረምቱ አልፎ የራሷን መንጋጋ ጥርስ አሟት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ማደንዘዣ ተወግታ ግማሽ ፊቷ በድን ሲሆን እንባዋ በጆሮዋ ሥር ይወርድ ጀመር። ሐኪሟ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«አመመሽ?»

«ኧረ ምንም አይሰማኝም» አለች። እንባው ግን አላቆመም።

ዕጣ ፈንታ የሚሉት ይሄ ይሆን? አንዷ አፍራ ዝም አለች፣ አንዷ ተቀይማ ዝም አለች፤ በመካከሉ ዕድሜ አለቀ።