ፊደሉን አሳብጪልኝ

ያላመነ አይመን። ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኝታ ቤታችን ውስጥ።

ባለቤቴ ከሞተ ሳምንታት አልፈዋል። ዓይኑ ስለደከመና መነጽሩም አልበቃ ስላለው፣ ታብሌት ላይ የሚያነበውን መጽሐፍ የማስተካክልለት እኔ ነበርኩ። ወደ ታብሌቱ ሲገለበጥ መሃል ላይ የተቆረጠውን መስመር እቀጥላለሁ፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሰነቀረውን የገጽ ቁጥር እለቅማለሁ።

«ፊደሉን አሳብጪልኝ» ይለኝ ነበር። «ዝሆን እስኪያክል!»

የመጨረሻውን መጽሐፍ ሳይጨርሰው ሞተ።

የቀረውን እኔ ላንብብለት ብዬ ፊደሉን ለዓይኔ አሳነስኩት። ታብሌቱን ትራሱ ላይ ትቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ... ፊደሉ ዝሆን አክሏል።

እንደገና አሳነስኩት። ዞር ብዬ ስመለስ፣ ያው።

ገጹም ሄዷል። ወደፊት።

እህቴን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆመን አየን። ማንም ሳይነካው... ገጹ ተገለጠ። ቆይቶ ደግሞ... ተገለጠ።

«ማነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ... እያነበበ ነው።»

«ነይ እንውጣ! በፈጠረሽ!»

«አንቺ ሂጂ።»

እየሮጠች ወጣች።

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን ናፍቆቱ ከፍርሃቱ ባሰ። ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል።

ካለቀስ? ካለቀ ምን ሊያደርግ ይቆያል?

ፊደል ሲያብጥ ገጽ ይበዛል። ስንት ጊዜ የሠራሁት ሥራ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አሳበጥኩት። መስመሩን አራራቅኩት፣ የገጹን ዳር ባዶ ቦታ አሰፋሁት፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ብቻ እስኪቀር ድረስ። ያ ጥቂት ገጽ ሺህ ሆነ።

«ቀስ ብለህ አንብብ» አልኩት እያለቀስኩ። «ምን ያስቸኩልሃል...»

ታብሌቱን ትራሱ ላይ መለስኩትና ፊቴን ታጥቤ መጣሁ።

ፊደሉ ተቀይሯል። ግን እሱ እንደሚወደው አይደለም።

አንሷል... ጉንዳን አክሎ። እኔ ጤነኛዋ እንኳ አፍንጫዬን ካላስነካሁ አላነበውም። የቀረው ታሪክ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ገብቷል።

ከታብሌቱ አጠገብ የባለቤቴ መነጽር፣ ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ዕቃ፣ ታጥፎ ተቀምጧል።

አብሮት እንዲቀበር በገዛ እጄ ደረት ኪሱ ውስጥ የከተትኩት መነጽር።