የኮሪን ነጭ ግድግዳ

ግሌንዳ ፍሪሰን በባሕር ማዶ፣ ብርዷ በሚጠናው በብራንደን ከተማ፣ በአንድ ትልቅ የምግብ መደብር የዳቦ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬክ አስጊጣለች። የከተማው ሰው ሲዳርም፣ ሲያስመርቅም፣ ጡረታ ሲወጣም ስሙን በክሬም የምትጽፍለት እሷ ናት። ባሏ ቨርን የእህል ጎተራ ማሽኖችን ይጠግናል። ኑሯቸው ሞልቶ የሚፈስ ባይሆንም ጎድሎባቸው አያውቅም። ግሌንዳ ግን እረፍት አልነበራትም፤ እህት ነበራታ!

ታናሿ ኮሪን የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። አንድ ቀን ሥራዋን ለቀቀችና ብራንት ሃሎራን የሚባል ሰው ተከታይ ሆነች። ሃሎራን በኢንተርኔት “ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ሀብታም ሁኑ” እያለ ስልጠና የሚሸጥ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሪን በየቀኑ አንድ ፎቶ ትለጥፋለች፤ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ አጠገቧ የሚያምር መብራትና አበባ፣ ከሥሩ “የራሴ አለቃ እኔው ነኝ” የሚል ጽሑፍ። ግሌንዳ በምሳ ሰዓቷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ማየቱን ትጠላዋለች፤ ግን ሳታይ አትውልም።

በጥቅምት፣ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ለሚሰበሰብበት የምስጋና በዓል፣ ሁለቱም እናታቸው ወይዘሮ አጋታ ቤት ተጠሩ። ግሌንዳ ሁለት ቀን የደከመችበትን ኬክ ይዛ ስትገባ እናትየው መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ነበር።

“እማዬ፣ ይሄን የት ላድርገው?”

“እዚያ ጥግ አስቀምጪው። ኑ እዩ እንጂ! የኮሪን መኪና!”

ኮሪን ከአንዲት የምታብረቀርቅ ነጭ መኪና ወረደች። ገበታው ላይም ወሬው ሁሉ የእሷ ሆነ።

“ሰው ጊዜውን በሰዓት እየሸነሸነ ለምን ይሸጣል?” አለች። “ሃሎራን እንደሚለው ደመወዝ ማለት ሕልምሽን እንድትረሺ የሚሰጥሽ ጉቦ ነው።”

ቨርን ሹካውን አስቀመጠ። “ይሄ ሃሎራን የምትይው ሰውዬ እንዲህ ያለ ዘዴ ካለው ለኛ ሊሸጥልን ምን አስቸኮለው? ዓሣ የሞላበት ቦታ ያገኘ አጥማጅ ለወንድሙ እንኳ አይናገርም።”

“አይ ቨርን! ድህነቱ ያለው ኪስህ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላትህ ውስጥ ነው” ብላ ሳቀች።

“ተዋት እባክህ፣ ልጄ ተሳካላት” አሉ ወይዘሮ አጋታ። ወዲያው ወደ ትልቋ ዞር ብለው፣ “ግሌንዳዬ፣ አንቺስ ለምን አትሞክሪውም? ወይስ እንዲህ ላለው ነገር ዕድሜሽ አልፏል?”

ግሌንዳ ካፖርቷን አንስታ ተነሳች። ኬኩን ማንም ሳይቆርሰው ይዛው ተመለሰች።

በማግስቱ ባሏ ሥራ ሲሄድ ስልኳን አወጣች። ኮሪን ከፎቶዋ ሥር ያስቀመጠችውን “እዚህ ተመዝገቡ” የሚል ቦታ ነካችና ከፈለች። የከፈለችው የቤት ማሞቂያ ሊገዙበት ያስቀመጡትን ገንዘብ ነበር። አሮጌው ማሞቂያ እያጓራ ነበር፤ ባለሙያውም “ብርዱን አይችለውም” ብሏቸዋል። “ብርዱ ሳይጠና እመልሰዋለሁ” አለች ለራሷ። ለኮሪን አልነገረቻትም። አንድ ቀን ከእሷ የበለጠች መኪና ይዛ እናቷ ደጅ ልትቆም ነበር ሐሳቧ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ሁለተኛው ትምህርት ነበር። “እስካሁን ያያችሁት በሩን ነው፤ ቤቱ የሚገኘው በሁለተኛው ደረጃ ነው” ይላል ሃሎራን። ለሁለተኛው ደረጃ እንደገና ከፈለች። እዚያ የተማረችው ስልጠናውን ለሌላ ሰው መሸጥን ነው። አንድ ቀን ድፍረት አገኘችና በሰልጣኞቹ የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ “ስልጠናውን ራሱን ሳይሸጥ፣ በተማረው ነገር ብቻ ያተረፈ ሰው አለ?” ብላ ጻፈች። ጥያቄዋ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ። “ጥርጣሬ የድሆች በሽታ ነው” የሚል መልእክትም ደረሳት።

እዚያው ላይ መንቃት ነበረባት። ያን ቀን ግን ኮሪን አዲስ ፎቶ ለጠፈች፤ በነጩ ግድግዳ ፊት፣ በአዲስ ካፖርት። ግሌንዳም ጥርጣሬዋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። የቅናት ክፋቱ ይሄ ነው፤ የሰውን ዓይን ያስፈጥጠዋል እንጂ አያሳየውም።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሞቂያው አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነበር።

“በይ፣ የማሞቂያውን ገንዘብ አዘጋጂ፣ ባለሙያውን ልጥራ” አለ ቨርን።

ግሌንዳ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው።

“ለምን አላማከርሽኝም?”

“ትከለክለኛለህ ብዬ።”

“አዎ፣ እከለክልሽ ነበር።” አለና ተነሳ። ቧንቧዎቹ በረዶ ሠርተው እንዳይፈነዱ ውኃውን ዘጋና፣ “እናትሽ ጋ አንድ አልጋ ብቻ ነው ያለው። ኮሪን ጋ እንሂድ” አለ።

“እሷ ጋ? ብሞት ይሻለኛል!”

“እዚህ ከቆየሽማ እሱም አይቀርልሽም።”

ኮሪን በሩን ከፈተችና እንዳየቻቸው መልሳ ልትዘጋው ቃጣት። ቨርን ግን ቀድሞ እግሩን አስገብቶ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ ምንጣፍ የለም፤ ወለሉ ላይ አንድ ፍራሽ ተዘርግቷል። ግድግዳው በሙሉ የቆሸሸ ቢጫ ሆኖ አንዷ ጥግ ብቻ ነጭ ተቀብታለች። እዚያች ጥግ መብራቱና አበባው ቆመዋል። አበባው ፕላስቲክ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ግሌንዳን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ልቧ እንደ ሕፃን ዘለለ። ቀጥሎ እህቷ የድሮውን የሐኪም ቤት ሹራብ ለብሳ፣ ክንዶቿን አቅፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አየቻትና በደስታዋ አፈረች።

“መኪናዋስ?” አለች።

“ለሁለት ቀን ተከራይቻት ነው።”

“እቃውስ?”

“ለሦስተኛው ደረጃ ሸጥኩት።” ኮሪን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። “ሦስተኛው ደረጃ ምን እንደሚያስተምር ታውቂያለሽ? ‘የሚቀኑባችሁን ሰዎች ስም ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚከፍሏችሁ እነሱ ናቸው’ ይላል።”

“የማንን ስም ጻፍሽ?”

“ያንቺን። አንደኛ ላይ። ስትመዘገቢም ስምሽ ደርሶኛል። ከከፈልሽው ላይ ድርሻዬን ወሰድኩና ዝም አልኩ።”

ግሌንዳ እጇን አነሳች፤ ግን አልመታቻትም። “የእናቴ ልጅ አይደለሁም እንዴ? ምን በደልኩሽ?”

“ቤት አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ከተማው ሁሉ በስምሽ ይጠራሻል። እኔን እማዬ መስኮት ላይ ሆና የጠበቀችኝ መቼ ነው? ያን ቀን ብቻ!” ብላ ተንሰቀሰቀች።

ይቅርታው በአንድ ቀን አልመጣም። ቨርን ያገለገለ ማሞቂያ ፈልጎ እስኪገጥም ድረስ ሦስት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ “ጨው አቀብዪኝ” ከማለት በቀር ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ኮሪን ስልኳን ከነጯ ጥግ ወደ ባዶው ሳሎን አዞረች። “እህቴ፣ አጠገቤ ትቆሚልኛለሽ?” አለች። ግሌንዳ ቆመችላት። ኮሪንም ፍራሹን፣ ቢጫውን ግድግዳ፣ የፕላስቲኩን አበባ እያሳየች የሆነውን ሁሉ ተናገረችና ለጠፈችው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እነዚህ በየስልካችን የሚመጡ የሀብት መካሪዎች የሚሸጡት ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ጥያቄ ባላስፈራቸው። የሚሸጡልን የገዛ ቅናታችንን ነው፤ ከእኛው ወስደው፣ ቀለም ቀብተው፣ መልሰው ለእኛው። ስለዚህ “ይህ ሰው ከምን አተረፈ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ “እኔን እዚህ ያመጣኝ ፍላጎት ነው ወይስ እልህ?” ብሎ ራስንም መጠየቅ ይገባል።

ከቪዲዮው ሥር ስድብ ይወርድ ጀመር። አንዲት ሴት፣ “ቅናት ነው የሚያናግራችሁ! ስላልተሳካላችሁ ነው!” ብላ ጻፈች። ኮሪን ልታጠፋው ስትል ግሌንዳ ስልኩን ተቀበለቻትና መለሰች፦

“እውነትሽን ነው፣ ቀንቼ ነበር። የእህቴን ፎቶ አይቼ ነው የገባሁት። አንቺስ የማንን አይተሽ ነው?”

 በማግስቱ ከሴትዮዋ አጭር መልእክት መጣ፦ “የወንድሜን ሚስት። የከፈልኩት ትናንትና ነው። ይመለስልኝ ይሆን?”

“አሁኑኑ ለባንክሽ ደውዪ” ብላ ጻፈችላት ግሌንዳ። ቆም አለችና ጨመረች፦ “ከዚያ ለወንድምሽ ሚስት ደውዪላት። ቤቷም ሂጂና እዪ።”