ዟሪው

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጉም ከጭላሎ ወርዶ አሰላ ላይ ያካፋል።

ነቢላ አሮጌውን ኮምፒውተሯን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፋው ወደ ጥገና ቤቴ ገባች። ኮፒ ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው። በየቀኑ አያታለሁ። የልቤን ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

«ኦብሳ፣ ተበላሸብኝ።»

«ምኑ?»

«ያ... ዟሪው። ቀጭ ቀጭ ይላል።»

«ሀርድ ዲስኩ?»

«እሱ።»

ክዳኑን ፈታሁ። ገመዱን ነቅዬ በሌላ ተካሁት፤ ድምፁ አልቆመም።

«ችግሩ የገመድ አይደለም። ጨርሶ ሳይሞት ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ እንገልብጠው። መቼ ትፈልጊዋለሽ?»

«ከረቡዕ ማግስት።»

«ሐሙስ?»

ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ካቻቢቴው እጄ ላይ ቆመ። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም። ላጉ ይባላል። ነቢላ አላገባችም። ታዲያ «ሀ»ን የምትዘለው ለማን ብላ ነው?

ሚፍታ ታየኝ። የኢተያ ስንዴ ነጋዴ ነው፤ ሰሞኑን ከኮፒ ቤቷ አይጠፋም። ሲሳሳቁ ከዚህ ማዶ ሆኜ አያቸዋለሁ። አባቱን ኢተያ በሙሉ «ሀጂ» ይላቸዋል።

ዲስኩን ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አያያዝኩት። ፋይሎቹ እየተንቀራፈፉ ማለፍ ጀመሩ። «ሚፍታ» የሚል ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው አልተርፍ ብሏል» አልኩ።

«የቱ?»

«የሚፍታ።»

«ውይ! እሱስ እንዳይጠፋ! ወላሂ፣ አደራ!»

«ይህን ያህል?»

«ምን ነካህ አንተ? ፊትህ ጠቆረ።»

«ምንም። የሀጂ ምራት መሆንሽን ግን ከዟሪው ከምሰማ ከአንቺ ብሰማው ይሻለኝ ነበር።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ሚፍታ የሚያገባው የአርቦዬዋን ኢስራን ነው! የሠርግ ካርዳቸውን እየሠራሁላቸው ነው፣ አንተ ቀናተኛ!»

ዲስኩ ቀጭ አለ። ፋይሉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ታዲያ... ላጉው ለማን ነው?»

ሳቋ ጠፋ። የሻርፗን ጫፍ ያዘች።

«ሰው ቤት ገብቼ እንዳላፍር እየተለማመድኩ ነው።»

«የማን ቤት?»

«የሰው ዲስክ ስታነብ ትውላለህ። እስቲ ወጥተህ የራስህን ታፔላ አንብብ!»

ወጣሁ። ካፊያው ፊቴን መታኝ። ከበሩ በላይ፣ እኔው ራሴ ባጻፍኩት ታፔላ ላይ፦ «ኦብሳ ሀሰኖ፤ የኮምፒውተር ጥገና»።

ሀሰኖ፣ ሳጉሬ ያሉት አባቴ ናቸው።

ስመለስ አላየችኝም፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ካርዱ ተርፏል።

«ለእሳቸው... ልደውልላቸው?» አልኳት።

«ሽማግሌ ይላኩ በላቸው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ኦብሳ ኮ።»

የኔ ኦብሳ ማለቷ ነው።

በጥር ተጋባን። ነቢላ ሀርድ ዲስክን ዛሬም «ዟሪው» ትለዋለች።