በኮምቦልቻ የፈነዳው ቫልቭ

ጀላል የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ለኦጋዴን የጋዝ ጉድጓድ የሚላክ ቫልቭ በኮምቦልቻ ወርክሾፕ በግፊት ሲፈተሽ ክዳኑ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። ብሎኖቹን ያጠበቀው ታናሽ ወንድሙ ኑርሁሴን «አሻጥረኛ» ተብሎ ታሰረ። በዚያ ዘመን በዚህ ስም ልዩ ፍርድ ቤት የቀረበ በሕይወት መመለሱ ዘበት ነው።

በማግሥቱ ከደሴ የመጣው መርማሪ መቶ አለቃ ኢስሐቅ ወሬ የሚያንገሸግሸው ቁጡ ሰው ነው። አስከሬኑን አይቶ ለቤተሰቡ ለቀቀና የወርክሾፑን ኃላፊ ወልደ ሚካኤልን በጥያቄ ያዘ።

«በምን ነበር የፈተሻችሁት?»

«በውሃ ነዋ፣ ደንቡ እሱ ነው። በሩ ሥር ያለው በርሜል ንጹህ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ጀላል ከገባ በኋላ ለፍተሻው ጨረስነው። ይልቅ ልጁን ይዘህልን ሂድ።»

ኢስሐቅ ብሎኖቹን አገላበጠ። ሁሉም እስከ ጥግ ጠብቀው፣ ወገባቸው ላይ ተበጥሰዋል። ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ወደ ሸረፈዲን ዞረ።

«ጀላልን መጨረሻ ያዩት የት ነው?»

«እዚሁ፣ በርሜሉ አጠገብ። ግድግዳውን በመዳፋችን መታ አድርገን፣ ፊትና እጃችንን አብሰን፣ በተየሙም ዙሁርን ሰገድን። ኃላፊው ጠራው፣ ገባ፣ ፈነዳ። ወላሂ፣ ይኸው ነው።»

ኢስሐቅ ሁሉንም ሰበሰበ፤ ኑርሁሴንም በካቴና መጣ።

«ንጹህ ውሃ አጠገቡ ያለ ሙስሊም ለሶላት በውሃ ይታጠባል እንጂ በአቧራ ተየሙም አያደርግም» አለ። «በርሜሉ ባዶ ነበር። ታዲያ ቫልቩን ምን ሞላው? አየር። ውሃ ቢሆን ብሎኑ ሲበጠስ ይረጭና ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። የታመቀ አየር ግን የጠበቀውን ብሎን በጥሶ ክዳኑን ሰው ላይ ይወረውራል። ሰውዬ፣ ዋሽተኸኛል።»

«ውሃው ከጠፋ ሦስት ቀኑ!» አለ ወልደ ሚካኤል። «ቫልቩን የሚጭነው መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ ከላይ ይጮሁብኛል፤ ምን ላድርግ?»

«ጀላልስ ምን አለህ?»

«በአየር አይሆንም፣ ሰው ይፈጃል አለ።»

«ታዲያ እንዴት ገባ?»

ወልደ ሚካኤል መሬት መሬቱን አየ። «እምቢ ካልክ ወንድምህን በአሻጥር አሳስረዋለሁ አልኩት። ዝም ብሎ ገባ።»

ካቴናው ከኑርሁሴን እጅ ወጥቶ በኃላፊው እጅ ገባ።

«ሂድ» አለው ኢስሐቅ ኑርሁሴንን። «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው፣ ትደርሳለህ።»

ኑርሁሴን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ለእኔ ብሎ ነው የገባው» አለ። «ምን ብዬ ልቅበረው?»