ሽቦ ያልነበረው ደወል

ሰው ስለ ዛርና ስለ ጋኔን ማውራት ሲጀምር እኔ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እናቴ ከመሸ በኋላ ደጅ ውሃ አትድፋ ስትለኝ ሆን ብዬ ወጥቼ የምደፋ፣ እንዲያውም ጋኔን የሚባለው ነገር የመብራት እጥረት ነው የሚል ግጥም ጽፌ ለጓደኞቼ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ግጥሙ መጥፎ ነበር፣ ሐሳቡን ግን የምር አምንበት ነበር። ዛሬም ቢሆን በእንዲህ ያለ ነገር አምናለሁ ብዬ አልምልም። የሆነውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፣ ከእኔ የተሻለ መልስ ካገኛችሁለት ትገላግሉኛላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከተማው ደብረ ብርሃን። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን በራሴ ገጣሚ ያደረግኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ወጣት ነበርኩ፣ እንጀራዬ ግን የሚያስቀምጥ ነበር፣ ወንዙ ዳር ባለው የውሃ ፓምፕ ቤት ተረኛ ሞተሪስት ነኝ። ሥራዬ ፓምፑን አስነስቼ ውሃውን ኮረብታው ላይ ወዳሉት ታንከሮች መግፋት፣ ሲሞሉ ማጥፋት ነው። ታንከሮቹ ሁለት ናቸው፣ በሲሚንቶ የተሠሩ፣ ግማሽ ጎናቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ አሮጌውና አዲሱ እንላቸው ነበር።

ታች ያለ ሰው ላይ ያለው ታንከር መሙላቱን በምን ያውቃል አትሉም? ድሮ ኮረብታው ላይ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። አጠገባቸው እጀታ ያለው ሳጥን አለ፣ እጀታውን ሲያሽከረክሩት ኤሌክትሪክ በሽቦ ይመጣና እኛ ግድግዳ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። አንዴ ከደወሉ ውሃው ደርሷል፣ ሁለቴ ከደወሉ ተጋምሷል፣ ሦስቴ ከደወሉ ዝጋ ማለት ነው። ሦስቴ ሲሆን ደግሞ አንዳንድ ቀን ከሁለተኛው በኋላ ትንሽ ያርፋሉ፣ ጭርር፣ ጭርር... ጭርር። እጃቸውን ቁርጥማት ስለሚያማቸው ነው እንል ነበር። አንድም ቀን ዘግይተው አያውቁም።

በኋላ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ጓድ መኮንን የሚባሉ አለቃ ተሾሙብንና ሦስት ትንንሽ አምፖሎች ያሉት ሰሌዳ አስተከሉ። አዲሱ ታንከር ውስጥ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ፣ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር አምፖሎቹ ተራ በተራ ይበራሉ። ጓድ መኮንን ሰሌዳውን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ራሱ ይበራል።

«አንድ ቀን አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የከተማውን ውሃ፣ የከተማውን መብራት፣ ሁሉንም በሽቦ ያዝዛል! ከተማው ራሱ እዚህ ጎደለኝ፣ እዚያ ሞላልኝ ብሎ ይናገራል!»

«የሰውስ ነገር ጓድ፣ እሱንም ይናገራል?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ግጥምህን ለቤትህ!»

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ጋ ደነባ ገቡ። የደወሉ ሽቦ ተነቅሎ ለሰሌዳው ዋለ፣ ባለ እጀታው ሳጥን ወደ እኛ ወረደና መደርደሪያዬ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። ደወሉ ብቻ ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ስላለ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ታንከር ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ጠፋ፣ ሰሌዳው አለና።

እኔም ይህንኑ ነው የተጠቀምኩበት።

ታናሽ ወንድሜ ምንዳዬ ለአፈሳው ዕድሜው ደርሶ ነበር። ቀበሌው ቤታችንን ሁለቴ ፈትሾታል፣ ከሰፈራችን ወደ ጦር ግንባር ከሄዱት ደግሞ ደብዳቤ እንኳ የመጣለት የለም። አሮጌው ታንከር ተሰንጥቆ ወራት ሙሉ ደርቆ ከርሞ ያኔ አዲስ ተለስኗል፣ ልስኑ እስኪደርቅ አንድ ወር አይነካም ተብሏል፣ የክዳኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መሰላሉ ለልስኑ ሲባል ስለተነቀለ ምንዳዬን በገመድ አወረድኩት፣ ክዳኑን ከላይ ቆለፍኩበት። የአባታችን ወዳጅ የሆኑ ሼህ ሰይድ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ በአምስተኛው ቀን በቅሎዎቻቸውን ይዘው ሲመለሱ ወደ ቆላ ሊያወርዱልኝ ቃል ገብተዋል። እስከዚያ በየቀኑ ቆሎና ውሃ አወርድለታለሁ፣ «አለህ?» እለዋለሁ፣ «አለሁ» ይለኛል።

አምስተኛው ቀን ነሐሴ ውስጥ ነው። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከቀትር በኋላ ይወርድና የገዛ እጃችሁን ይነጥቃችኋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት የምገባ ተረኛ ነበርኩ። እንግዲህ ጥፋቴን ስሙት፤ ወረቀት በዚያን ጊዜ ብርቅ ስለነበር ግጥሞቼን የምጽፈው የተረኛ መረካከቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ጥሩ ስንኝ መጥቶልኝ ሳይጠፋኝ ልያዘው ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ፣ ጓደኛዬ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ የሄደውን ወረቀት ፊቱን ሳላይ ገለበጥኩት፣ ፓምፑን አስነሳሁና መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ሁለተኛዋ አምፖል መብራት ሲገባት አልበራችም፣ ተቃጥላለች አልኩ። የግፊት መለኪያው መርፌ ከወትሮው ዝቅ ብሏል፣ እሱንም አየሁትና ወደ ስንኜ ተመለስኩ።

ከዚያ ነው የደወለው።

ጭርር፣ ጭርር... ጭርር።

መጀመሪያ ፓምፑ ብርጭቆ ያነቃነቀ መሰለኝ። ቀና ስል ግን የደወሉ ምላስ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር። እመኑኝ፣ ሄጄ ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ሁለት ባዶ ብሎኖች ናቸው፣ ሽቦ የሚባል የለም። መደርደሪያውን አየሁ፣ ሳጥኑ እዚያው ነው፣ ሻዬ እላዩ ላይ፣ እጀታው ንቅንቅ አላለም። ጣቴ ገና ከብሎኑ ሳይነሳ ደግሞ ደወለ፣ ድምፁ በእርጥብ እጅ የታፈነ ያህል ሻካራ ነው፣ ንዝረቱ በአጥንቴ እስከ ክርኔ ወጣ። በድንጋጤ ወደ ኋላ ስስፈነጠር ክርኔ ጠረጴዛውን መታው፣ ወረቀቱ ወደቀ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ።

«እንግዶች ስለሚመጡ አሮጌው ታንከር ዛሬ እንዲሞላ ጓድ መኮንን አዘዋል። ቫልቩን ጠዋት ወደ እሱ አዙረነዋል። እስኪሞላ እንዳታጠፋ።»

ፓምፑን እንዴት እንዳጠፋሁት አላስታውስም። ምንዳዬ የደጋ ልጅ ነው፣ ዋና አያውቅም፣ ክዳኑ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ኮረብታው ግርጌ ጉሙ ውስጥ የአብዮት ጥበቃ ድምፅ «ቁም! ማነህ?» አለኝ።

«ውሃ!»

«ውሃ ነኝ ይላል እንዴ? ስም የለህም?»

«የውሃ ሠራተኛ ነኝ ጋሼ፣ ታንከሩ ሊፈስ ነው!»

«ለኛ ሰፈር ሁለት ቀን ጠብታ ሳይደርስ አንተ ጋ ይፈሳል? ሂድ፣ ሂድ!»

ክዳኑን ስከፍት ምንዳዬ ውሃው ደረቱ ደርሶ፣ ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ገመዱን ወረወርኩለት፣ ጎተትኩት፣ መዳፌ ተላጠ፣ ወጣ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ የሆነ ነገር ሊለኝ ይሞክራል፣ አልሰማሁትም፣ የማስበው ማንም ሳያየን መውረድን ብቻ ነው። ክዳኑን ከደንኩት። እጄ ደግሞ አምስት ቀን እንደለመደው ቆለፈው።

ፓምፕ ቤት ገብተን ጋቢዬን ካለበስኩት በኋላ ነው መናገር የቻለው።

«ሰውዬውንስ መቼ ነው የምታወጣው?»

«የቱን ሰውዬ?»

«ታንከሩ ውስጥ ያለውን ነዋ! አንተ አይደለህ የደበቅከው?»

«አንተን ብቻ ነው የደበቅኩት» አልኩት።

«ሁለተኛው ቀን ላይ በወዲያኛው ጥግ ሲያስል ሰማሁት» አለ ምንዳዬ። «ስሙን አልጠየቅኩም፣ በዚህ ጊዜ ማን ማንን ይጠይቃል? ከቆሎዬ ግማሹን መሃል ላይ አኖርኩለት፣ በነጋታው የለም።»

«አይጥ ይሆናላ።»

«አይጥ ተነስ ይላል? ውሃው ሲገባ ተኝቼ ነበር። ጉልበቴን ይዞ ነቅንቆ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው!»

ይህን ብሎ አፉን ሳይገጥም፣ ጭርር፣ ጭርር... ጭርር።

ምንዳዬም ሰማው፣ ዓይኑ ደወሉ ላይ ተተከለ። «ምን ማለት ነው?»

«ዝጋ ማለት ነው።»

«ዘግተሃል እኮ።»

«ዘግቻለሁ።»

ፓምፑ ቀጥ ብሏል፣ ክፍሉ ጭር ብሏል፣ ከምንዳዬ ልብስ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ደግሞ ደወለ። ምንዳዬ ክንዴን ያዘኝ፣ «እሱ ነው፣ ሂድ አውጣው!» አለኝ።

አልሄድኩም። ጥበቃው ድጋሚ ቢያየኝ ምን እለዋለሁ አልኩ፣ የሼህ ሰይድ በቅሎዎች ሊያመልጡን ነው አልኩ፣ ሰውም ካለ ውሃው ቆሟል፣ አይሰምጥም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያንን ክዳን ከፍቼ ወደ ታች ለማየት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ወደ አመሻሽ ላይ የሚተካኝ ተረኛ መጣ። ምንዳዬን ቀድሜ በጓሮ አስወጥቼው ነበር። ሰውዬው የቆመውን ፓምፕ አየና «ምነው ጠፋ? ዛሬ መሙላት አለበት እኮ» አለኝ። አትሙላው ብዬ ብነግረው ለምን ይለኛል፣ ለምን ካለኝ ወንድሜ ሊያዝ ነው። «ሞቆብኝ አሳርፌው ነው» አልኩት። ከምንዳዬ ጋር በአንኮበር መንገድ ጉሙን እየሰነጠቅን ስንሄድ ከኋላችን ፓምፑ ሲነሳ ሰማነው። ሁለታችንም ዞር አላልንም።

ምንዳዬ ቆላ ወርዶ ተረፈ። ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ስለዚያ ቀን አንዴም አንስቶ አያውቅም፣ ቆሎ ሲበላ ግን ግማሹን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ሚስቱ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አላውቅም አልኳት። ታንከሩ ሞላ፣ እንግዶቹ መጡ፣ ከተማው ጠጣ። በዓመቱ ሊታጠብ ሲል እኔ ልውረድ ብዬ ለምኜ ወረድኩ፣ ጥግ ጥጉን በእጄ ዳሰስኩ፣ ደለል ብቻ ነው። በውሃውም፣ በቧንቧውም አንድም ቀን የተለየ ነገር አልታየም። ደወሉም ከዚያ ቀን በኋላ አልደወለም።

አላስችል ሲለኝ ደነባ ወርጄ ጋሽ ደምሴን አገኘኋቸው። ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያሻሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እንደማይስቁ አውቅ ነበር፣ አልሳቁም።

«እርስዎ አንዳንድ ቀን ሦስተኛውን ከመደወልዎ በፊት ትንሽ ያርፉ ነበር» አልኳቸው፣ «ልክ እንደሱ ነው የደወለው።»

«እኔ አርፌ አላውቅም» አሉኝ። «አንዴ ከጀመርኩ ጨርሼ ነው የምተወው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት...»

«ልጄ፣ ልንገርህ። ብርዱ ሲጠናብኝ ስንት ቀን ነው እንቅልፍ ጥሎኝ ሳልደውል ያደርኩት። ደንግጬ ስነቃ ታንከሩ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ እናንተ ግን ዘግታችሁታል። እነሱ ጋ ሆኖ የሚያይ መሣሪያ አላቸው ማለት ነው እያልኩ፣ እግዜር ይስጣቸው እያልኩ እተኛለሁ።»

እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድምህን ካወጣህ በኋላ ሲደውልስ? ወጣህ?»

ጎንበስ ብዬ አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋሁ። ጋሽ ደምሴም አልደገሙልኝም፣ ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ።

ያ ስንኝ ሳያልቅ ቀረ። ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር አሁን ሁለቱንም ፊት አነባለሁ። ቤቴ ውስጥ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ሳኖር ደግሞ አልቀመጥም፣ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊትም ቧንቧውን እዘጋለሁ። ከዘጋሁት በኋላም ወዲያው አልሄድም፣ ጆሮዬን አቁሜ ትንሽ እቆያለሁ።