ከሰማንያ ዓመት አንድ ቀን ሲጎድል

የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ዊኒፍሬድ አስኪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረጃው ግርጌ ሞታ ተገኘች። ኢንስፔክተር ኢኒድ ፓርፊት በሄስቲንግስ ከተማ ከባሕሩ ዳርቻ ወዳለው አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ኢኒድ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ያየችው የተፈነከተውን ጭንቅላት ሳይሆን የሟችን ቦርሳ ነበር። ቦርሳው ክንዷ ላይ ነው፤ ዚፑ ግን እስከ ጥግ ተከፍቷል። ገንዘቡ አልተነካም።

«ምን ይዛ ነበር?»

«ፖስታ» አለች የሟች የወንድም ልጅ ሮዛሊንድ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «የሊዝ ማራዘሚያ ማስታወቂያ። ዛሬ ለባለመሬቱ በእጁ ልንሰጠው እየሄድን ነበር። መነጽሬን ላይ ቤቴ ረሳሁ አለችኝ፤ በር ላይ አውርጃት መኪናውን ላዞር ሄድኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላኝም።»

«ዛሬ መሆኑ ለምን አስፈለገ?»

«ቤቱ የእሷ ቢሆንም ሊዙ ላይ ዛሬ የቀረው ልክ ሰማንያ ዓመት ነው። ነገ ከሰማንያ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ የማራዘሚያው ዋጋ ይንራል፤ ቤቱ ከሚጨምረው ዋጋ ባለመሬቱ ግማሹን ይወስዳል።»

«ባለመሬቱ እምቢ ቢልስ?»

«በዋጋው ይከራከራል እንጂ መከልከል አይችልም።» ሮዛሊንድ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። «ትናንት ከጠበቃዋ ቢሮ ወጥተን እኔ ቤት ነው ያደረችው። ስልክ እንኳ የላትም። ብቻዋን የተውኳት ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው።»

ባለመሬቱ ላይነል ክራብትሪ በሴትዮዋ ሞት ከማንም በላይ የሚጠቀም ሰው ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙም አረጋገጠ።

የታችኛው ቤት ነዋሪ ዴዝሞንድ ፍራይ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አምቡላንስ የጠራው እሱ ነበር። ኢኒድን ያነጋገራት ለሚስቱ ለሞሪን ገንፎ እያማሰለ ነው። ሞሪን ግማሽ አካሏ ሽባ ከሆነ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«ስትወድቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ስወጣ አልቃለች። ዊኒን ከማክሰኞ ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም ነበር።»

«ስለ ማስታወቂያው ያውቁ ነበር?»

«ረቂቁን ማክሰኞ አሳይታኛለች። ምን ዋጋ አለው ብለሽ ነው? ቢደርሰውም ክራብትሪ እስከ ዲሴምበር አሥራ ዘጠኝ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «የኔ ይብሳል። ይህ ቤት ቀድሞ ስለተሸጠ ሊዙ ሃምሳ ስምንት ዓመት ነው የቀረው። ልሸጠውና ሞሪንን ነርስ ያለበት ቤት ላስገባት ብል፣ ለገዢ የሚያበድር ባንክ ጠፋ። ላራዝመው ብል ከየት አምጥቼ? በቀን አራት ጊዜ አገላብጣታለሁ፤ ወገቤ አልቻለም።»

ኢኒድ ከዚያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሆና ለሟች ጠበቃ ደወለች። 

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በዴዝሞንድ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ክራብትሪ ኮቱን አላወለቀም።

«ለመውጣት የለበሰች ሴት፣ መነጽሯን ይዛ ስትወርድ ሞተች» አለች ኢኒድ። «ከቦርሳዋ የጠፋው ፖስታው ብቻ ነው። ስለዚህ አደጋ ብቻ አይደለም። ሮዛሊንድ ቤቱን የምትወርሰው ከሆነ ፖስታው እንዲደርስ ነው የምትፈልገው። ሚስተር ክራብትሪ ፖስታው እንዲጠፋ ይፈልጋሉ፤ እዚህ ግን አልነበሩም።»

«ተመስገን» አለ ክራብትሪ።

«ሚስተር ፍራይ፣ እርስዎ ያዩት ረቂቅ ለመልሱ የሰጠው ቀን ስንት ይል ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። አሥራ ዘጠኝ።»

«ረቂቁ የሚለው ዲሴምበር ዘጠኝ ነው። በሕጉ ባለመሬቱ ለመመለስ ቢያንስ ሁለት ወር ይገባዋል፤ ዲሴምበር ዘጠኝ ደግሞ ከዛሬ ልክ ሁለት ወር ስለሆነ ጠበቃዋ ለጥንቃቄ ትናንት አመሻሽ ላይ ቀኑን ወደ አሥራ ዘጠኝ ቀይራ ፖስታውን በእጇ አሸገችው። ከዚያ ወዲህ ሟች ከዛሬዋ ሩብ ሰዓት በቀር ከሮዛሊንድ አልተለየችም። እርስዎም ከማክሰኞ ጀምሮ አላየኋትም ብለዋል። እርስዎ አሥራ ዘጠኝን ሊያውቁ የሚችሉት ፖስታውን ከከፈቱ ብቻ ነው።»

ዴዝሞንድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ልገፋት አልነበረም» አለ። «አንድ ቀን አዘግይልኝ ነው ያለኝ። ለምኛት ነበር፤ ዊኒ ነገ ስጪው አልኳት። እምቢ ስትለኝ ከቦርሳዋ መነጨቅኩት። ልትቀማኝ ስትንጠራራ እግሯ ደረጃውን ሳተ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት።»

«ማነው አዘግይ ያለህ?» ጮኸች ሮዛሊንድ።

ዴዝሞንድ ወደ ክራብትሪ በአገጩ አመለከተ። «የኔን ሊዝ በነፃ አራዝምልሃለሁ አለኝ። ለሞሪን ብዬ ነው።»

«ይህን ሰውዬ ከሰላምታ ያለፈ አላውቀውም» አለ ክራብትሪ።

ኢኒድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በጽሑፍ ሰጥተውዎታል?» ብላ ዴዝሞንድን ጠየቀችው።

«በእጅ ተጨባበጥን።»

«የእርስዎን ሊዝ በነፃ ማራዘም፣ ከዊኒፍሬድ ከሚያገኘው ጥቅም እጥፍ ድርብ ያስከፍለው ነበር። ማን ነው እንዲህ የሚነግድ? ሰነድ ካልተፈረመና ካልተመዘገበ ደግሞ የሊዝ ቃል ምንም አይደለም።»

ዴዝሞንድ አንዴ ክራብትሪን፣ አንዴ እሷን አየ። ይህን አስቦት የማያውቅ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ከቀትር በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። «ፖስታው ከሞሪን ፍራሽ ሥር ነው።»

«ይቀመጡ፣ ሚስተር ክራብትሪ» አለች ኢኒድ። «ስልክዎን በር ላይ ለቆመው ባልደረባዬ ይስጡ፤ ከሰላምታ ያለፈ መነጋገራችሁን እናያለን።»

ከዚያ ብቻዋን ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ሞሪን ነቅታ ወደ በሩ እያየች ነበር። ኢኒድ ፍራሹን በቀስታ አንስታ ፖስታውን ሳበች።

ሞሪን ወረቀቱን አየችና በተጣመመ ከንፈሯ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ገዢ ተገኘ?» አለች።

ኢኒድ ትራሷን አስተካከለችላትና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ ነርስ እስኪመጣ ድረስም አልተነሳችም።