ያልተጣራው ቁጥር

ጌዲዮንን ከማደባለቂያው ውስጥ ያወጡት ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኢንስፔክተር ዳሲቱ ስትደርስ አስከሬኑ ሸራ ለብሶ ከመኖ ከረጢቶቹ አጠገብ ተጋድሟል። በዚያ ሳምንት ያየችው ሦስተኛ ሬሳ ነው። ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል፤ የጠየቀችው የዕረፍት ፈቃድ ሁለት ወር ሙሉ መልስ አላገኘም። ሞት የሰው ድካም አይቆጥርምና ከሳሪስ ገላን ድረስ አቧራ እየቃመች መጣች።

በዚህ የከብት መኖ ፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን በኮምፒውተር ይቆልፈዋል። የቆለፈው ሰው ራሱ ካልፈታው ማሽኑ አይነሳም። ጌዲዮን ማደባለቂያውን ቆልፎ ገባ፤ መዝገቡ ግን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጌዲዮን ቁልፉን ፈታ ይላል። ማደባለቂያው ደግሞ ቁልፉ እንደተፈታ ራሱ ይነሳል። ማሽን ሆድ ውስጥ ያለ ሰው ኮምፒውተር እንደማይነካ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ፕሮግራሙን የሠራችውን ሃዊን መኪና ውስጥ አስቀምጠዋታል። የጌዲዮን እጮኛ ነበረች፤ ከሁለት ወር በፊት ተለያይተዋል። ፕሮግራሙን ከእሷ በላይ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነገሩ ለእነሱ አልቋል። ዳሲቱ ግን ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ነገር ከምሳ በፊት ሲያልቅ አትወድም።

«ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ እንዴት ይፈታል?» ስትል ጠየቀቻት።

«አይፈታም» አለች ሃዊ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ትእዛዙ 'የዚህ ቁጥር ማሽን ቆላፊ አንተ ከሆንክ ፍታ' ነው የሚለው። ፕሮግራሙ አሮጌ ስለሆነ ትእዛዙንና ሰው የሚሞላውን ነገር ለየብቻ አይቀበልም፤ አንድ ላይ መስፋት አለብኝ። በቁጥሩ ቦታ ሰው ሌላ ቃል ቢጨምር ትእዛዙ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ የሚሞላውን ሁሉ አጣራለሁ። ጽሑፍ ከሆነ በጥቅስ ምልክት አጥረዋለሁ፤ አጥሩን የሚሰብር ምልክት በውስጡ ካለም አከሽፈዋለሁ። ቁጥር ከሆነ ከአሃዝ በቀር አላሳልፍም።»

ዳሲቱ ግማሹ ብቻ ገባት። ለቀረው ግማሽ ወደ ሥራ ቦታው ሄደች።

የማሸጊያዋ ፈውዚያ ከጌዲዮን ጋር በፈረቃ ተጣልተው ከተኳረፉ መሰንበታቸውን አልደበቀችም። የማሸጊያው ማሽን ተቆልፎ ቆሞባት እንደነበርና ድንገት ተፈቶ ስታገኘው ሥራ እንደጀመረች ተናገረች። ኮምፒውተሯ ላይ የማሽኖች ዝርዝር አለ፤ አንዱን ትመርጣለች እንጂ ምንም አትጽፍም። የፈረቃ አለቃው ጋሽ ያደታ የጌዲዮን አጎት ናቸው። ፋብሪካው የቆመው የአባታቸው ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። «የእግዜር ሥራ ነው» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገሩም። የእሳቸው ኮምፒውተር ዝርዝር የለውም፤ ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን ነው ያለው። ዳሲቱ ሳጥኑን ቆማ አየችው፤ ከዚያ የሦስት ወሩን መዝገብ አስመጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም አለቃው ቢሮ ሰበሰበቻቸውና እሷ ቀድማ ተቀመጠች።

«ጌዲዮንን መግደል የፈለገ ሰው የሚፈታው አንድ ቁልፍ ነው» አለች። «አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ግን በአንዲት ሰከንድ ሦስት ተፈትተዋል፤ ወፍጮው፣ ማሸጊያውና ማደባለቂያው። መዝገቡ የፈታውን አያውቅም፤ ከቆላፊው በቀር ማንም አይፈታም ብሎ ስለሚያምን የቆላፊውን ስም ይጽፋል። ስለዚህ ሟቹ የፈታ መሰለ።»

ዳሲቱ ሦስቱንም በተራ አየቻቸው።

«ሃዊ ብትሆን አንዱን ብቻ መፍታት ትችል ነበር። ፈውዚያ ከዝርዝር አንድ ከመምረጥ አታልፍም። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ የሚፈታው ቃል መጨመሪያ ቦታ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ባለፉት ሦስት ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ሁሉም በጋሽ ያደታ ፈረቃ። ሃዊ፣ የእሳቸውን ሳጥን አጣርተሽዋል?»

ሃዊ አንገቷን ደፋች። «ዓይናቸው ስለደከመ ከዝርዝር መፈለግ አቃተኝ አሉ። ሳጥኑን ለእሳቸው ብዬ ነው የሠራሁት። አንቱ የምላቸው ሰው የጻፉትን ማጣራት... እንደ ሌባ መፈተሽ መሰለኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ቆልፈው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ፤ ሥራ ይቆማል። ከቁጥሩ ኋላ 'ወይም ሁሉንም' የሚለውን ጨምር ብሎ ያሳየኝ እሱው ነው፤ ጌዲዮን። ዛሬ ማሸጊያውን ነበር የፈለግሁት። እሱ ወፍጮው ጋ ያለ መስሎኝ... ከማደባለቂያው ጨርሶ የወጣ መስሎኝ።»

«ለምን እንደማጣራ ለጌዲዮን የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች ሃዊ። ሃዊ ከእንግዲህ የምትተኛው እንቅልፍ ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር እንደጠፋባት ዳሲቱ ገባት፤ አዘነችላት።

ከፖሊሶቹ አንዱ የሽማግሌውን እጅ በካቴና አስሮ፣ ሃዊን መሄድ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን አልተነሳችም። በመስኮቱ የከሰዓቱ ጥገና ሠራተኛ ጓንቱን ሲያጠልቅ ይታያል።

«አምስት ደቂቃ ስጡኝ» አለች። «ያ ሰውዬ አሁን ማሽን ውስጥ ሊገባ ነው።»

ዳሲቱ ለፖሊሱ በእጇ ጠብቅ አለችው። ሃዊ በአለቃው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቂት መስመር ጻፈች፤ ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀች።

«ጋሽ ያደታ፣ እንደ ልማድዎ ይሞክሩት።»

ሽማግሌው በታሰረ እጃቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ያንኑ ጻፉ። ኮምፒውተሩ አልተቀበለውም። ደግመው ሞከሩ።

«እምቢ አለኝ» አሉ፤ እስከዚያች ሰዓት ያላለቀሱት ሰው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሃዊ ወደ መስኮቱ ሄዳ ለጥገና ሠራተኛው ግባ ስትል በእጇ ምልክት ሰጠችው።